ኮሶዬ ላይ ፍሬኔ ይክዳኝ

ባዬ መራጮቹን ያስማላቸው በመጽሐፍ አልነበረም። መጽሐፍ አስይዞ ለማስማል ቄስ ያስፈልጋል፤ ቄስ ደግሞ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ በመኪና መሪ አስማላቸው።

ባዬ ሰማንያ ሰባት አባላት ባሉት የሾፌሮች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል። በእነዚህ ዓመታት ሊቀ መንበሮቹ እንደ ጎማ ሲቀያየሩ እሱ እንደ ሻንሲ ባለበት ቆየ። ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው ጎንደር ማራኪ ሰፈር ባለው ግቢው ሁለት በግ አርዶ አባላቱን ጠራ። ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ግቢው ውስጥ የቆመውን ነጭ ሚኒባሱን በር ከፍቶ፣ በሉ እንግዲህ አንድ በአንድ አለ። እያንዳንዱ ሾፌር እጁን ታጠበ፣ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገ፣ ከመስታወቱ በላይ የተለጠፈችውን የማርያምን ሥዕል እያየም ማለ።

መሐላው እንደየመስመሩ ተሰፍቶ የቀረበ ነበር። በሊማሊሞ የሚወርዱት «ባዬን ባልመርጥ ሊማሊሞ ላይ ፍሬኔ ይክዳኝ» አሉ። የደባርቅ መስመር ሾፌሮች «ኮሶዬ ላይ ፍሬኔ ይክዳኝ» አሉ። የእንፍራንዝ መስመር ሰዎች መንገዳችን ሜዳ ነው፣ ፍሬን ቢከዳንም ቀስ ብለን እንቆማለን ብለው ስላስቸገሩ ለእነሱ የጎማ መፈንዳት ተሰጣቸው። ከፒያሳ ማራኪ የሚመላለሱት የከተማ ሾፌሮች ደግሞ «በየመዞሪያው ትራፊክ ይጠብቀኝ» ብለው ማሉ። ይኼማ ሳንምልም በየቀኑ የሚደርስብን ነው ብሎ ያጉረመረመ አልጠፋም፤ ግን በጉ ስለጣፈጠው ነገሩን አላከረረም።

መልካሙም ማለ። የደባርቅ መስመር ሾፌር ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ በአሥር ዓመት የረዳትነት ላብ የገዛት አንዲት አሮጌ ሚኒባስ አለችው። ያን ቀን የመወዳደር ሐሳብ ጨርሶ አልነበረውም። በእጁ አንድ ጎድን ነበር፤ በልቡ ደግሞ ሁለተኛው ጎድን።

ከሁሉም ምላሱ የሚፈጥነው የአምባ ጊዮርጊሱ ልጅ አንዳርጋቸው ነበር። ገና ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ረዳት ሆኖ የጀመረው ከመልካሙ ጋር ነው፣ መሪ ያስጨበጠውም መልካሙ ነው። በማለ በሦስተኛው ሳምንት መናኸሪያው ሻይ ቤት ውስጥ፣ በበግ ሥጋ የታሰረ መሐላ ሥጋው ሲፈጭ ይፈታል፣ እኔ ባዬን አልመርጥም ብሎ ሰዉን አሳቀ። በአራተኛው ቀን ዳባት አጠገብ ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ተንሸራተተና መኪናዋ ቀኝ እግሩ ላይ ተቀመጠች።

ሳቁ በዚያው ቀረ።

እናቱ እማማ አባይነሽ ሁለት በሬ ሸጠው የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ከፈሉ። አጥንቱ ግን መመርቀዝ ጀመረ። ሐኪሙ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይደረግ አለ፤ ቀኑንም ቆረጠ፣ ከምርጫው ቀጥሎ ያለው ሐሙስ። ክፍያው ረቡዕ መግባት አለበት። ያ ሐሙስ ካለፈ ስለ አጥንቱ ሳይሆን እግሩ ከጉልበት በላይ ይቆረጥ ወይስ ከጉልበት በታች ስለሚለው ነው የምንነጋገረው ብሎ በግልጽ ነገራቸው። የሚሸጥ በሬ አልቋል። ማኅበሩ ግን ለዚሁ ለክፉ ቀን ተብሎ በየወሩ ከየአባላቱ የሚሰበሰብ የአደጋ መረዳጃ ገንዘብ አለው። መልካሙ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ባዬ ዘንድ ሄደ።

ባዬ አክብሮ አስቀመጣቸው፤ ስለ ልጁም ከልቡ ያዘነ መሰለ። ከዚያ መተዳደሪያ ደንቡን ከመሳቢያው አወጣና መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ደንቡ ገንዘቡ የሚከፈለው «መሪ ጨብጦ ሳለ አደጋ ለደረሰበት አባል» ነው ይላል። አንዳርጋቸው በአደጋው ሰዓት የጨበጠው የክሪክ እጀታ ነው።

«ጎማውን እየነዳ ይቀይር ኖሯል?» አለ መልካሙ።

«እኔ ምን ላድርግ ልጄ፣ ደንብ ነው» አለ ባዬ። ደንቡን የጻፈው እሱ ራሱ መሆኑን ከሦስቱ እንግዶች አንዱም አላነሳበትም።

መልካሙ ከዚያ ቤት ወጥቶ በቀጥታ የሄደው ወደ ማኅበሩ ጸሐፊ ወደ ወይዘሮ እናኑ ነው። ለገንዘብ ያዥነት ዕጩ አድርገሽ መዝግቢኝ አላት። እናኑ ስሙን ከመጻፏ በፊት ቀና ብላ አየችው። አንተም እኮ ምለሃል አለችው። አውቃለሁ አላት። ጻፈችው።

ይኼን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ይዞት ማደር ግን ሌላ። ሾፌሮቹ ሁሉ ባዬን በልባቸው ጠግበውታል፤ ሆኖም የአንዳርጋቸውን እግር አይተዋል። በመሐላው አፌዘ፣ በአራተኛው ቀን ተቀጣ። ሒሳቡ ለማንም ግልጽ ነው። ባዬ አንድ ክፉ ቃል እንኳ አልተናገረም። በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተጠቀለለውን እግር ፎቶ ለጠፈና ከሥሩ «እግዚአብሔር ይማርህ ወንድማችን» ብሎ ጻፈ። ፎቶውን በየሦስት ቀኑ እየደገመ ለጠፈው። ራሱ አንዳርጋቸውም ስልክ ደውሎ መልካሙን ለመነው። «አያ መልካሙ፣ ተው። የያዘኝ ክሪኩ አይደለም፣ አፌ ነው። አንተንም እንዳይነካህ» አለው፤ ድምፁ በዚያ ሻይ ቤት ሰዉን ያሳቀው ልጅ ድምፅ አልነበረም።

መልካሙ የነፍስ አባቱን ቄስ በላቸውን ከቅዳሴ ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ከበጉ እስከ ክሪኩ ነገሩን ሁሉ ዘረዘረላቸው። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት፤ የተኙ መስሎት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ አልተኛሁም አሉት።

«ሄሮድስም ምሎ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ለዘፋኟ ልጅ ምሎላት፣ መሐላዬ እንዴት ይፈርሳል ብሎ የዮሐንስን አንገት አስቆረጠ። መምህሮቻችን ምን ይላሉ? መሐላውን አፍርሶ ነፍስ ባላጠፋ ይሻለው ነበር ይላሉ። አንተም መሐላዬ ብለህ የሰው እግር አታስቆርጥ።»

«እንግዲያ መሐላው አይዘኝም?»

«ይይዝሃል እንጂ። ለበግ ሥጋ ብሎ መማል ኃጢአት ነው፤ መቶ ስግደት ትሰግዳለህ።» ተነሥተው መቋሚያቸውን ካነሡ በኋላ ጨመሩ፤ «ፍሬንህንም አሳይ።»

«ይኼም ቀኖና ነው አባ?»

«ይኼስ ምክር ነው። እኔም በአንተው መኪና ነው የምሄድ።»

መልካሙ ይኼን ይዞ ለምርጫ ቅስቀሳ ወጣ። ንግግርም ወረቀትም አልነበረውም። ናፍጣ ወረፋ ላይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እየሄደ፣ አባ እንዲህ አሉኝ ይላል። ወሬ ደግሞ በሦስተኛው አፍ ላይ ልብሱን ይቀይራል። ምክሩ ቀኖና ሆነ፣ ቀኖናውም ሥርዓት ሆነ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ከመሐላ ለመፈታት መቶ ስግደትና አንድ የፍሬን ምርመራ እንደሚያስፈልግ የማያውቅ ሾፌር አልነበረም። መልካሙ ይኼን ሲሰማ ሳቀ። ሳቁ ቅዳሜ ጧት ድረስ ቆየለት።

ቅዳሜ የምርጫው ዋዜማ ነው። ከመናኸሪያው በታች ባለው የአስናቀው ጋራዥ በር ላይ ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሠላሳ አንድ መኪና ተሰለፈ። መካኒኩ አስናቀው በሃያ ዓመት የሥራ ዘመኑ ሳይበላሽበት ፍሬኑን ሊያሳይ የመጣ ሾፌር አይቶ አያውቅም። መጀመሪያ የመንግሥት ቁጥጥር የመጣ መስሎት ደነገጠ። የጎማ መሐላ የማለ አንድ የእንፍራንዝ ሾፌር እንኳ ለማንኛውም ብሎ ተሰልፏል። መልካሙ ወደ ሰልፉ ሲደርስ ልቡ በደስታ ሞላ። ጣቱን እየቀሰረ ቆጠራቸው። ከዚያ ዓይኑ ከመንገዱ ማዶ ሄደ።

ባዬ ከሻይ ቤቷ በር ላይ ተቀምጧል። ሻይ አዟል። ከቦርሳው ደብተር አውጥቶ የመኪኖቹን ታርጋ አንድ በአንድ እየጻፈ ነው።

ምርጫው በምሥጢር ነው፤ መጋረጃም ተዘጋጅቷል፣ ሳጥኑም ይቆለፋል። የነገውን ምሥጢር ግን ሾፌሮቹ ዛሬ ራሳቸው አምጥተው መንገድ ላይ አሰልፈውታል። ባዬን ሊከዳ ያላሰበ ሰው ዛሬ ፍሬኑን ለምን ያሳያል? በማኅበሩ ውስጥ ጎማ በዱቤ የሚያገኘውና የማያገኘው፣ የበዓል ሰሞን ጥሩ መስመር የሚደርሰውና የማይደርሰው በማን ብዕር እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ባዬ አልተቆጣም። እየጻፈ ለእያንዳንዱ እጁን ያነሣል፤ ጤና ይስጥልኝ፣ ፍሬን ነው? ሸጋ ነው፣ ጥንቃቄ ሸጋ ነው ይላል።

መጀመሪያ ከመሃል አንዱ ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ። ቀጥሎ ሁለት ወጡ። መልካሙ ከመስኮት መስኮት ሮጠ። አንዱ፣ ስድስት ልጅ አለኝ አያ መልካሙ አለው። ሌላው ዓይኑን እንኳ አላየውም፤ መስታወቱን ዘጋበት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አንድ መኪና ሄደ፤ የቀሩትም የቀሩት ከፊትና ከኋላ ተዘግተው መውጫ ስላጡ ነበር። ሐሙስ አምስት ቀን ቀርቶታል። መልካሙ ወደ መናኸሪያው ወጣ፤ ለምን እንደወጣ ራሱም አላወቀውም፣ እግሩ የለመደው ወደዚያ ስለሆነ ነው።

የደባርቅ መስመር ቲኬት ቆራጭ ሸዋአየሁ ከመስኮቷ ጀርባ ሆና ፊቱን አየችውና ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። ሸዋአየሁ በዚያ መስኮት አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጣለች፤ የሰው ሆድ የምታነበው ከብር አወጣጡ ነው።

«ስንት ታርጋ ጻፈ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«እንግዲያው ሰማንያ ሰባቱንም ይጽፋላ። ወረቀቱ እስኪያልቅ» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት አንዲት ሽንኩርት የተሸከመች የዳባት ሴት ወደ መስኮቱ ቀረበች። ሸዋአየሁ ገንዘቧን ተቀበለችና እንደ ማንኛውም የሥራ ጥያቄ አድርጋ ጠየቀቻት። «ፍሬኑ የታየ መኪና ነው የምትፈልጊው እናቴ፣ ያልታየ?»

ሴትዮዋ ዋጋው ይለያያል ወይ አለች። አይለያይም ተባለች። እንግዲህ በአንድ ዋጋ ፍሬኑ ያልታየ የሚመርጥ ሰው ከወገራ እስከ ጃናሞራ ቢፈለግ አይገኝም። ከኋላዋ የቆመ አንድ ቄስ ሰማ፤ ከእሱ ኋላ ያሉት ተማሪዎች ሰሙ። በአራት ሰዓት መናኸሪያው ውስጥ ያለ ተሳፋሪ ሁሉ በሩ ላይ አንድ እግሩን ሰቅሎ፣ ፍሬንህ ታይቷል? እያለ ይጠይቅ ነበር። ታይቷል ለሚለው ሾፌር ደግሞ፣ ወረቀትህስ? ይለዋል። ወረቀት የሚሰጠው አስናቀው ብቻ ነው።

የባዬ የልብ ሰዎች እስከ አምስት ሰዓት ባዶ መኪና ይዘው ቆሙ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ጋራዡ ወረዱ። መጀመሪያ የባዬ የእህት ልጅ መጣ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የባዬ የራሱ ነጭ ሚኒባስ፣ በቅጥር ሾፌሩ እየተነዳ መጥቶ ከሰልፉ ጅራት ቆመ። ሾፌሩ ጌታውን በሻይ ቤቱ በር ላይ ሲያይ ምን ያድርግ፣ ሰላምታ ሰጠው። ባዬ ብዕሩን አንሥቶ የራሱን ታርጋ ሊጽፍ ነበር፤ ከዚያ ደብተሩን ዘጋ። የሻዩን ሒሳብ ከፍሎ ሄደ።

አስናቀው ያን ቀን ብቻውን ስልሳ መኪና አየ። ዘጠኙ ፍሬናቸው በእርግጥም ያለቀ ነበር፤ ይኼን ግን ማንም ሊሰማው አልፈለገም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባላቱ በተከራዩት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ባዬ ዘግይቶ ገባ። ከኋላው ሁለት ሰዎች አንዳርጋቸውን በወንበር ተሸክመው አስገቡት። ባዬ ልጁ የመምረጥ መብቱ እንዳይቀርበት ብሎ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ መኪና ልኮለት ነው። ፊት ለፊት፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ የተጠቀለለው እግሩ በሌላ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ተቀመጠ። ወደ ሳጥኑ የሚሄድ ሰው ሁሉ በዚያ እግር አጠገብ ማለፍ ነበረበት። መልካሙ ትናንት ጋራዥ በር ላይ ያገኛቸው ፊቶች እንደገና ሲጠቁሩ አየ።

የምርጫ ወረቀቱ ባዶ ወረቀት ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ በሲባጎ በታሰረ ሰማያዊ እስክሪብቶ የሚመርጡትን ሰው ስም ይጽፉበታል። መልካሙ ተራው ደርሶ ገባ። ብዕሩን ያዘ። ስንት ዓመት ኮሶዬን ሲወርድ አንድም ቀን ስለ እግሩ አስቦ አያውቅም፤ አሁን ግን ቀኝ እግሩ ሳያስበው መሬቱን ረገጠ። የራሱን ስም ጻፈ። የጻፈው የሰው ስም መሰለው።

አንዳርጋቸው ተነሥቶ ወደ መጋረጃው መሄድ ስለማይችል እናኑ ወረቀቱን ባለበት ሰጠችው። የታሰረው እስክሪብቶ አልደረሰለትም። አጠገቡ የነበረው መልካሙ ከደረት ኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ አቀበለውና ጀርባውን አዞረለት። ልጁ ጉልበቱ ላይ ጻፈ፣ አጠፈ፣ እናኑ ወስዳ ሳጥኑ ውስጥ ጨመረችው።

ቆጠራውን እናኑ እያነበበች አንድ ሰው ሰሌዳ ላይ ጭረት ያሰምራል። አንዴ ባዬ ይቀድማል፣ አንዴ መልካሙ። ሰማንያ አምስት ወረቀት ሲነበብ መልካሙ አርባ ሦስት፣ ባዬ አርባ ሁለት ሆኑ። እናኑ ቀጣዩን ከፈተች። ከወረቀቱ ጀርባ በኩል ቀዩ ቀለም ወጥቶ ይታያል።

«ባዬ» ብላ አነበበች።

መልካሙ ወደ አንዳርጋቸው አልዞረም። መዞር ፈልጎ ነበር፤ አንገቱ እምቢ አለው። ስድብ አይደለም የመጣበት፤ ባዶነት ነው፣ ቁልቁለት ላይ ፔዳል ሲረግጡ ወለሉ ድረስ እንደመውረድ ያለ። የማን እግር ነው እዚህ ያደረሰኝ አለ በልቡ። እናኑ የመጨረሻውን ወረቀት አወጣች፤ ሳትከፍተው መነጽሯን ጠረገች፣ ሰማንያ ስድስት ሰው ሊሰድባት ምንም አልቀረውም።

«መልካሙ።»

አርባ አራት ለአርባ ሦስት። ጭብጨባው ገና ሳይደምቅ ባዬ ተነሣ። አልጮኸም። ውጤቱን እቀበላለሁ አለ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ አለ። ዕጩው በእኔ ግቢ፣ በእኔ መሪ፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ምሏል። ያሸነፈው በአንድ ድምፅ ነው።

«አንተ ራስህ ለማን ጻፍህ መልካሙ? ለሰዉ ንገር።»

እናኑ ድምፅ ምሥጢር ነው፣ የመመለስ ግዴታ የለበትም አለች። የማምለጫው በር ክፍት ነበር። ዝም ቢል ማንም አያስገድደውም፤ ለአንተ ነው የጻፍሁ ቢልም ማንም ሊያጣራ አይችልም። የባዬ ሰዎች ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። አርባ ሦስት ሰው እንደ እሱ ምሎ እንደ እሱ አፍርሷል፤ ሁሉም መሬት መሬቱን እያየ እሱ የሚለውን ይጠብቃል።

«ለራሴ ነው የጻፍሁ» አለ መልካሙ። «የማልሁትን አፍርሻለሁ። ይያዝብኝ።»

ባዬ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ ረካ ሰው። የቼክ ደብተሩን፣ ማኅተሙንና የካዝናውን ቁልፍ ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«ሸጋ። ነገ ማን እንደሚሳፈርልህ እናያለን» አለው።

ሰኞ የመሐላው ወሬ መናኸሪያውን ሞልቶት ማንም አልተሳፈረለትም። ሸዋአየሁ መኪናው ፍሬኑ የታየ መሆኑን ብትምልም፣ አንድ የገደብየ ሽማግሌ፣ ፍሬኑስ ታይቷል፣ ሾፌሩ ነው ያልታየ ብለው ሻንጣቸውን ወደ ቀጣዩ መኪና አዛወሩ። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። የመረጡት ሾፌሮች እንኳ በሩቁ እጅ ያነሡለታል እንጂ አይጠጉትም። መልካሙ በመሐላው አያምንም። በሁለቱ ቀን ውስጥ አስናቀው ዘንድ ሄዶ ፍሬኑን ያሳየው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው አስናቀው፣ የፍሬኑ ሸራ አዲስ ነው፣ ዘይቱ ሙሉ ነው፣ የቀረው ልብህ ነው፣ እሱን እኔ አልጠግንም ብሎ አባረረው። የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ግን ተሰብስቦ፣ ጎማ መቀየርም ከመንዳት ይቆጠራል ብሎ የአንዳርጋቸውን ክፍያ አጸደቀ፤ ሊቀ መንበሩ ፈረመ፣ እናኑ ፈረመች፣ መልካሙ ፈረመና ማኅተሙን መታ። ማክሰኞ ማታ ቼኩ በሕክምና ቤቱ ስም ተጽፎ ኪሱ ገባ።

ረቡዕ ባዶ መኪናውን እየነዳ አምባ ጊዮርጊስ ወጣ። አንዳርጋቸው በር ላይ በቃሬዛ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር። መኪናዋን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሌላ መኪና የለም አያ መልካሙ?»

«አለ። ሁሉም ሞልቶ ነው የሚያልፈው። እግርህን ዘርግተህ የምትተኛበት ባዶ መኪና ዛሬ በዚህ መስመር የኔ ብቻ ነው።»

ልጁ ነገ ቢሆንስ አለ። ክፍያው በሽተኛው ራሱ ሳይቀርብ እንደማይገባ፣ ዛሬም አሥር ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ መልካሙ ነገረው። እማማ አባይነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ነገሩን ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቁ የፊቱን በር ከፍተው ወጡና ተቀመጡ። ጎረቤቶቹ ቃሬዛውን አንሥተው ከኋላ አስገቡት።

ኮሶዬ ደርሰው መንገዱ ወደ ጎንደር ቁልቁል ሲገባ መልካሙ ማርሽ ቀነሰ። በቀኝ በኩል ገደሉ ተከፈተ። እማማ አባይነሽ በከንፈራቸው ጸሎት ያደርሳሉ። አንዳርጋቸው የወንበሩን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ጣራውን ያያል። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ አለፉ። ሁለተኛውን አለፉ። መልካሙ ፔዳሉን በየመዞሪያው በጥቂቱ እየነካ ይሞክረዋል፤ ይይዛል። ይይዛል፣ ግን ቀጣዩን ማን አየ።

«አያ መልካሙ» አለ ልጁ ከኋላ።

«አቤት።»

«ለባዬ ነው የጻፍሁ።»

«አውቃለሁ። እስክሪብቶው የኔ ነው።»

አንዳርጋቸው የወንበሩን ብረት ለቀቀ። «ሁለተኛው እግሬም እንዳይሄድ ብዬ ነው» አለ። «ምነው ታዲያ መጣህልኝ?»

መልሱን የጀመሩት እማማ አባይነሽ ናቸው። ጸሎታቸውን አቋርጠው አንገታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ።

«ለማን ጻፍሁ አልህ?»

«እማየ…»

«ሁለት በሬዬን ለበላ እግር፣ ለማን ጻፍሁ አልህ?»

ከዚያ በኋላ የወረደውን እርግማንና ምርቃት ለይቶ ማውጣት አይቻልም። በሬዎቹ በስማቸው ተጠሩ፤ የባዬ በጎች ተነሡ፤ አንዳርጋቸው የተወለደበት ሌሊት ተነሣ። መልካሙ ሳቅ እየታገለው ሳለ ከጠመዝማዛው ጀርባ ጭነት የጫነ አይሱዙ መሃል መንገዱን ይዞ ብቅ አለ።

ረገጠ። ፔዳሉ ወረደ፤ ከለመደው በላይ የወረደ መሰለው። ከኋላ አንዳርጋቸው አንድ ቃል ጀመረና አልጨረሰውም። ጎማዎቹ ጠጠሩን ነክሰው ጮኹ፤ ሚኒባሷ አፍንጫዋን ደፋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች። አይሱዙው በክንድ ርቀት ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። አቧራው በመስኮቱ ገባ።

መልካሙ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ማንሣት አልቻለም፤ ማንሣት እንዳለበት እያወቀ መኪናዋን እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ረግጦ ያዛት።

እማማ አባይነሽ አቧራውን ከፊታቸው ጠረጉ፤ ፀሐይቱን በመስኮት አዩ።

«ንዳው እንጂ ልጄ» አሉት። «መክፈያው ይዘጋብናል።»